ልገዛ ብዬ

ትሬሌው ከተማ፣ በመስታወት ቤቱ፣
ነጭ መኪና ቆሟል፣ ጠጠር ያልነካው ፊቱ።
ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ሽቶው ቀድሞት መጣ፤
አስገብቶኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ «ሰማሽው?» አለኝ።
ምንም አልሰማሁም።
ለካ የሚሸጠው ያንኑ ነው፤ ዝምታ።

«በሠላሳ ስድስት ወር ከፍለሽ ትጨርሻለሽ፣
ግን ዛሬውኑ ፈርሚ፤
ከምሳ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።»
እኛ ሸለቆ ዋጋም እንደ ነፋሱ ነው፤
ጧትም ከምዕራብ፣ ማታም ከምዕራብ፣
ብቻ እየበረታ።

ጋይማን፣ ቤቴ ደግሞ፣ ከአኻያው ጥላ ሥር፣
አሮጌው ፎርድ አለ፣ በሩ በሽቦ የሚታሰር።
የስልሳ ሁለት ነው። ሰማያዊ ነበር።
ዶሮዋ ወንበሩ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤
የሱፍ ቅባት ሽታው ክረምት ከበጋ አይለቅም፤
መሪው በግራ ጎኑ
የአባቴን አውራ ጣት ያህል ጎድጉዷል።

«ሬሳ አታስታምሚ» ይላል ወንድሜ ኤምሊን፤
«አርባ ሦስት ቦንዳ ሱፍ ሜዳ ላይ ተከምሮ
አርብ መጋዘኑ ሲዘጋ ምን ልትዪ ነው?
አባታችንን ብለሽ እንደሆን፣
መሪውን ነቅለሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው።»
እውነቱን ነው። የሚያበግነኝም እውነቱ ነው።
እኔስ ረስቼው ነው?
ያን ሐምሌ ባሌስትራው ተሰብሮ
በረዶ ላይ ያደርኩ ለታ፣ እግሬ ድንጋይ ሲሆን፣
አባቴን ከነመቃብሩ በሁለቱም ቋንቋችን፣
በዌልሽም በስፓኝም፣
እስኪነጋ ሰድቤዋለሁ።

አንሴልሞ ኩሩሚል ከመኪናው ሥር ነው፤ ጫማው ብቻ ያወራል፦
«ሞተሩ የሰማንያ አንድ ነው፤ ካምቢዮው ከአውቶቡስ፤
ኮፈኖው ከዳቦ ቤት መኪና፤ ሻንሲው ሁለቴ ተበይዷል፤
ራዲያተሩን እኔው ነኝ ከትራክተር ነቅዬ ያመጣሁት።
እስቲ ንገሪኝ ኔሪስ፣ አሮጌው የቱ ነው?
አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ አዲስ መኪና ሲገዛ ነው የኖረ፣
በቁራጭ በቁራጭ።»

ሌሊቱን ስደምር፣ ሳጠፋ፣ እርሳስ ስነክስ፣
አላስተኛ አሉኝ አዲስና ማደስ፤
ካንድ እናት ወጥተው፣ አንድ ጡት ጠብተው፣
እኔን ሊካፈሉኝ ራስጌና ግርጌ ቆመው ተሟግተው።
አዲስ ልገዛ ብዬ፣ ገንዘቤን ቋጥሬ፣
ተገዝቼ ኖሯል፣ ለአሮጌው አድሬ።

ሱፉን ኤምሊን ጫነው፣ በኪራይ መኪና፤ ሒሳቡን ላከልኝ።
እኔም የነጩን ቀብድ
ለብረት፣ ለብየዳ፣ ለፍሪሲዮን በተንኩት።
አሥራ አንድ ሳምንት።

አንሴልሞ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፦
«የቀረን የነዳጁ ጌጅ ነው፤ እኔ ሚስት ሳላገባ የሞተ።
አዲስ አለ፣ ርካሽ ነው። ላስገባልሽ?»

ከወንበሩ ኋላ እንጨቱን አወጣሁ፣
አባቴ በሰንጢ ጥርስ ያወጣለትን።
ሊትር አያውቅም ይኼ እንጨት፤ የሚያውቀው አገር ነው፦
አንዷ ጭረት ትሬሌው፣ ከፍ ብላ ላስ ፕሉማስ፣
ጫፉ ላይ ኤስኬል፣ የተራራው ግርጌ።
ከሁሉ በታች ደግሞ አንዲት ቀጭን አለች፣ ስም ያልወጣላት፤
ልጅ ሆኜ ብጠይቀው፣
«እዚህ ከወረደ» ነበር ያለኝ፣
«መዝፈኑን ትተሽ ጸልዪ።»

ሰልባትዮው ውስጥ ነከርኩት። ሳወጣው፣
እርጥቡ ላስ ፕሉማስን አልፏል።
«ተወው» አልኩት፣ «ጌጁን።»