ተነቃይ

ኤሲው የማይተኛ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ሆዷ ወለል ብሎ ለሁሉ የሚታይ።
ቆዳዋ ላስቲክ ነው፤ እጅ የላት፣ እግር የላት፣
የሻርጃ ልጃገረዶች ሳይንስ ሲማሩ የሚፈቷት፣ የሚገጥሟት።

ደወሉ ተደውሎ አውቶቡሱ ሲሄድ፣
የእኔ ክፍለ ጊዜ ያኔ ይጀምራል፣ በመወልወያ መንገድ።
ሐሞቷን አንዲቷ በእስክሪብቶ ቀብታው፣
ጉበቷ ላይ ሌላዋ «ሸማ» ብላ ስሟን ጽፋ ትታው፣
አንድ በአንድ አውጥቼ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ጠረጴዛ ላይ ላሰጣው።

ከጀርባቸው ቁጥር አለ፤ በቁጥር ነው የምመልሰው።
አንድ ምሽት ተሳስቼ ጨጓራን ከሳንባ ሥር ስወትፈው፣
መምህርት ኢብቲሳም ፈተና ልታርም ቆይታ፣
«ተይ ጦይባ» አለችኝ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ትታ።

«ጥርስ ይፈጫል፣ ምራቅ ያለዝባል፣
በዚህ ቧንቧ ወርዶ፣ እዚህ ከረጢት ውስጥ በአሲድ ይታሻል።
ሐሞት ስቡን ይፈታል። ቀጥሎ ትንሹ አንጀት፣
ስድስት ሜትር ተጠቅልሎ ለደም ያቀብላል፤ ትርፉን ይገፋል ወደ ፊት።
ትልቁ ውሃውን ይመጣል፤ የቀረው ወደ ሽንት ቤት።»
«እሱን እንኳ ዐውቃለሁ» አልኳት፣ «ሽንት ቤቱም የኔ ነው።»
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በኔ ቋንቋ ሥራቸው ሌላ ነው የማውቀው፤
ሆድ የነገር ጎተራ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው»።
ሐሞት ስብ መች ይፈታል፤ ጀግና ሲሸሽ ይፈሳል፣
ጨጓራም የሚነደው ደመወዝ ሲዘገይ ነው፤ በርበሬ ስሙ ይነሣል።
አንጀት ስድስት ሜትር ይሁን፤ እሺ፣ አልከራከርም፣
ግን የሰው ለቅሶ እንጂ ሩዝ አያላውሰውም።

ከሆድ ዕቃው በታች፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ የተገለበጠ ዘይቱን፣
ግራ ቀኝ ክንዷን ዘርግታ፣ የምትጠብቅ የወር እንቁላሏን።
«ከወንድ ዘር ካልተገናኘች፣ የተነጠፈው ይነሣል» አለች ኢብቲሳም፣
«በደም ታወጣዋለች፤ ደግማ ታነጥፋለች፤ አትሰለች፣ አትቆጣም።»

ሳልመጣ ሁለቴ፣ መጥቼም አንዴ፣ ደሜን ሽንቴን ፈትሸዋል፤
ሳንባ ንጹሕ፣ ጉበት ደህና፣ ማኅፀን ላይ ሲደርሱ «ባዶ» ብለው ጽፈዋል።
ማኅተም መቱበት። ደስ አለኝ። ባዶ መሆን ማለፍ ነው፤
ሰው በባዶ ሆዱ ሲሰደድ ዐውቃለሁ፤ ለባዶ ማኅፀን ቪዛ ሲሰጥ ያየሁት ግን ያኔ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ውስጥ የሚገባ፣ ተነቃይ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣
ቁጥር ሃያ ጠፍቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ትምህርቱ «እዚህ ጋ ጽንስ አለ እንበል»።
ሐሙስ ቁም ሳጥኑን ገፍቼ ስጠርግ፣ ከአቧራና ከፀጉር ጋር፣
ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ጉልበቱን ሰብስቦ አገጩ ሥር።
አጠብኩት። ኪሴ ከተትኩት። ደረጃ ስወለውል፣ መስኮት ስጠርግ ውዬ፣
ጭኔን በነካኝ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ እንዳይሰበር ብዬ።
አልዋሽም፤ አንድ ሌሊት ትራሴ ሥር አድሯል፣ ለስምንት በምንተኛው ክፍል።
ስም አላወጣሁለትም፤ ማን ሊጠራው፣ ማን አቤት ሊል።

በማግስቱ ለኢብቲሳም ሰጠኋት። ዝም ብላ ያዘችው፤
«በዐረብኛ» አለች፣ «ማኅፀን ረሒም ነው፣
ምሕረትም ረሕማ፤ ከአንድ ሥር ነው የበቀሉ።»
ረሕማን ከሰላቴ ዐውቃታለሁ፤ እናት ክፍሏን ግን አላየሁም ነበር እስከ ዛሬ ድረስ በውሉ።
«በኛ ርኅራኄ ከአንጀት ነው» አልኳት።
በላስቲኳ ላይ ለካን። ጎረቤት ናቸው፤ አንድ ጣት አይሞላም።

ሃያን ከአሥራ ዘጠኝ ገጠምኩት። ቀጭ አለ።
ክዳኗን መለስኩ። መብራት አጠፋሁ። ኤሲው ግን አልተኛም።