ፌርማታ የሌላት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መሪውን ጨብጬ፣
የሐይፋን ዳገት ሽቅብ አቃስቼ፣ ቁልቁል ሮጬ፣
አንዲት ቸኮላት ቤት አውቃለሁ፣ ገብቼባት የማላውቅ፤
ፌርማታ የላትም። ቀይ መብራት ይዞኝ ስጠብቅ
በከፈትኩት መስኮት ሽታዋ ይሳፈራል፣
ትኬት ሳይቆርጥ ገብቶ
ሁለት መታጠፊያ አብሮኝ ሄዶ ይወርዳል።

ባለፈው ሐሙስ ዕረፍት ወጣሁ፤ የራሴን ሸሚዝ ለብሼ፣
ዳገቱን እንደ ሰው በእግሬ፣ ትንፋሼን ጨርሼ፣
ገባሁ።

ለእሷም ለእኔም ከእናት ጡት ጋር ባልገባ ቋንቋ
«ስሙን ሳትጠይቅ ቅመስ» አለችኝ ጁማና፣ ጓንቷን አውልቃ።

የመጀመሪያው ሱማቅ፤ ቆንጠጥ አድርጎኝ ሸሸ።
ሁለተኛው የወይራ ዘይት፤ ምላሴ ላይ ተንሸራቶ አመሸ።
ሦስተኛው ጥቁር አዝሙድ፤ «ይሄስ ዘመዴ ነው» አልኩ።
አራተኛውን፣ የፍየል አይብ!፣ ስለ ይሉኝታ ዋጥኩ።
አንዱ ፍሬ ዘጠኝ ሼቅል። ውስጤ ያለው ሾፌር ሒሳብ ያዘ፤
በአንድ ጉርሻ፣ አንድ ሰው፣ እስከ ወደቡ ተጓዘ።

ከዚያ ከጓዳ፣ በወረቀት ሸፍና፣ አንዲት አመጣች።
«ይቺን ሰው አልወደደም፤ ትናንት አንዲት ሴትዮ ተፋች።
ስምም አላወጣሁላት።»

ነከስኳት።
ቅርፊቷ ሰበር አለ፤ መጀመሪያ ጣፈጠ፣
ቀጥሎ መረረ፣ ቀጥሎ በአፍንጫዬ አመለጠ፤
ያ አረንጓዴ፣ ያ ኃይለኛ፣ ካጥር አጥር የሚሄድ፣
እርጎ ላይ ጣል የሚደረግ፣ የልጅ ቁርጠት የሚያበርድ።

«ጤና አዳም!» ብዬ ጮህኩ፤ ያውም በአማርኛ።
«ፈይጀን» አለች፤ «ከወይራ ፍሬ ጋር በማሰሮ እናሽገዋለን እኛ።»
ትርጉሙን ጠየቀችኝ። «የአዳም ጤና» ብዬ ነገርኳት።
«አዳም ታሞ ነበር እንዴ?» አለች። ሳቋ እስኪያልፍ ጠበቅኳት።
ስድስት ፍሬ ገዛሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ሥራ ላይ ነኝ። መብራቱ ያዘኝ፣ ቀይ።
መስኮቷ ላይ አዲስ ወረቀት፤ አንገቴን አስግጌ ባይ፣
«ቴና አዳም» ይላል፤ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛ።
ጤዋ ጥርሷ ወልቆ ቴ ሆናለች፤
ለስላሳ፣ ተለማማጅ፣ መንገደኛ።

ላርማት ነበር። ወርጄ፣ መስታወቱን አንኳኩቼ፣
«ምላስሽን ከላንቃሽ አጣብቂና ፈንዳ አድርጊው! ጤ!» ልላት፤
ሠላሳ ሰው ሜዳ ላይ ትቼ።
አረንጓዴ በራ። ከኋላዬ ጥሩምባ።
ኪሴን ዳበስኩ፤
ስድስተኛዋ ፍሬ ቀልጣለች።