ሌንስ የለም

ከታይዋን ገበያ፣ ከሽቶው ከሻሹ ጎን፣
አገኘሁት አንድ ቀን፤
የፎቶ ቤት ሌንስ፣ ብረትና ብርጭቆ፣
በጋዜጣ ታስሮ፣ በአቧራ ታንቆ።
«የሙሴ ክርኮር ነው» አለችኝ ሻጪቱ፣
«ከዚራ ነበረ ቤቱ።
ፊልም ሲቀር ዘጋ፤ ሱቁ ዛሬ የስልክ ነው።
ሦስት መቶ አምጣና፣ አታስለፍፈኝ፣ ውሰደው።»

ወደ ፀሐይ አንስቼ ውስጡን ስመለከት፣
ሻጋታ ሰርቶበታል፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ጅማት።
ዙሪያውን ቁጥር አለ፣ በሜትር የተጻፈ፣
አንዱ ላይ ግን ቀለሙ በጣት የተገፈፈ፦
ሁለት ሜትር ተኩል።
ሌላው ቁጥር ደህና፤ ይሄ ግን ሰርጉዷል፣ አውራ ጣት ያክል።

ካሜራዬ የዛሬ ነው፤ አፋቸው አልገጠመም።
ይዤው ሄድኩ ደቻቱን ተሻግሬ፣ ሮብሌ ዘንድ፣ ሌላ ሰው የለም፤
ለባቡር ብሎን ሲቀርጽ ዕድሜውን የፈጀው፣
ጡረታ ሲወጣ ቶርኖ ብቻ የቀረው።
ከፒስተን ስብርባሪ ቀለበት አወጣ፤
ለካ፣ ሞረደ፣ ተቆጣ፣
ደግሞ ለካ። «ምላጭ ታህል ብትተርፍ ተራራው ይፈዛል» ስለው፣
«ተራራ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

ገጠመ። ካሜራው ግን «አላውቅህም» አለው፤
እስክሪኑ ላይ ጽሑፍ፦ «ሌንስ የለም» የሚለው።
ከሴቲንጉ ገብቼ በግድ አስፈቀድኩት፣
ትንፋሼን ቋጥሬ ቀለበቱን አዞርኩት።
በራሱ አያይም፤ እጅ ይፈልጋል፤
ትንሽ ሲያልፍ ጆሮ፣ ትንሽ ሲጎድል አፍንጫ፣ ብቻውን ይጠራል።

ሮብሌን ቶርኖው አጠገብ አስቀመጥኩት።
አውራ ጣቴ ሄዶ ስርጉዱ ውስጥ ገባ፤ እኔ አይደለሁም የመራሁት።
ሁለት ሜትር ተኩል።

«የማን ነው ያልከኝ?» አለ።
«የክርኮር።»
እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ማሸት ተወ።

«በዚህ ዓይን ታይቻለሁ። ስቀጠር፣ ለመታወቂያ።
ወንበሩ ከወለሉ በሚስማር ተመቷል፣ አይገፋም ወዲህም ወዲያ።
‹አገጭ ቀና! እንዳትነቃነቅ!› ይጮሃል፤ ላብ አጠመቀኝ፤
ሸሚዙም የተዋስኩት ነው፣ አንገቴ ላይ ጠበበኝ።»

ከዚያ፣ ሳላዘው፣ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቀ፤
የሰው ሸሚዝ እንዳይቀደድበት፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ደረቀ።
ቁልፉን ተጫንኩት። ላቡ በሽበቱ መሐል እስኪቆጠር ይታያል፤
እስክሪኑ ያንኑ ይደግማል፤ «ሌንስ የለም» ይላል።

«አራት ቅጂ አውጣልኝ» አለ ሲነሳ፣ የብረት ብናኝ ከጭኑ እያራገፈ፣
«አንዷ ለምድር ባቡር ናት»፤
ሳቀና ወደ ጓዳ አለፈ።