የቀዳዳው ጠርዝ

በቲሚሾዋራ፣ ከቤጋ ቦይ ማዶ፣
መስኮቱ ላይ ሲጋገር የታኅሣሥ በረዶ፣
አርባ ሴቶች ነበርን፣ ያለ እሳት ያለ ማገዶ፣
ባንዲራ የምንሰፋ፣ ጣታችን በርዶ።

ሰማያዊው ከእንጨቱ፣ ቢጫው ከመካከል፣
ቀዩ ከዳር ሆኖ ከነፋስ ሲታገል፤
ይህ ቀላል ነው ለማንም፣ ሦስት ጨርቅ ማስተካከል፤
የኔ ድርሻ አርማው ነው፣ ቢጫው ላይ መትከል።

ተራራና ጥድ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣
የነዳጅ ማማ፣ ቀይ ኮከብ ከላይ፤
ዙሪያውን የስንዴ ዛላ፣ በወርቅ ክር ሲታይ፣
ጥጋብ ይመስል ነበር ከሩቅ ለሚያይ።

አሮጊቷ ፓራስኪቫ፣ ከእኔ በፊት የጠለፈች፣
«ዘውድ ሰፍቼበታለሁ» ትላለች፣ ግራ ቀኝ እያየች፤
«ንጉሥ ሄደ፣ ዘውዱን ፈታሁ፤ ኮከብ መጣ፣ ኮከብ ተከልኩ፤
ሦስቱን ቀለም የነካ የለም፤ መሃሉን ስፈታ ስሰፋ ኖርኩ።»

በቀን ሃያ ሁለት። ከሃያ ሁለት ካነሰ፣
አለቃችን ትራያን ደሞዜን ቀነሰ።
ስንዴ ጠልፌ ውዬ፣ ማታ ለዳቦ ተሰልፌ፣
ተራዬ ሳይደርስ ያልቅና፣ እመለሳለሁ አርፌ።
ፀሐይ ጠልፌ ውዬ፣ ገና ሳመሽ መብራት ይጠፋል፤
ነዳጅ ጠልፌ ውዬ፣ ማሞቂያው ያንቀላፋል።
ያጣነውን ሁሉ ቆጥሬ ባንድ ክብ ላይ ሰፋሁት፤
አርማ ይሉታል እነሱ፤ እኔ የጎደለ ዕቃ ዝርዝር አልኩት።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ።

በኦፔራው አደባባይ ሕዝብ ውሎ ሕዝብ አደረ፤
ተኩስ፣ ዝምታ፣ ደግሞ ተኩስ፤ ውሻ እንኳ መጮህ አፈረ።
ሌሊት በሬ ተንኳኳ፤ የኢሊንካ ልጅ ሊቪዩ ነበረ፣
ጢም ለማብቀል የጀመረ።
ብብቱ ስር ባንዲራ፣ ከትምህርት ቤት የነቀለው፤
«አክስቴ አውሪካ፣ መሃሉን ቁረጪልኝ» ነው ያለው።

ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፤ እጄ ነው፤ እኔ የሠራሁት፣
ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ራስ ምታት ይዞኝ የጠለፍኩት፤
አንዱ ዛላ ተጣሞ ነበር፣ ተቆጣጣሪ ሳያይ ያሳለፍኩት።

መቀሱ በፀሐይዋ ገባ። ተራራው ወደቀ፣ ጥዱ፣
ማማው፣ ኮከቡ፣ ስንዴው፣ ባንድ ዙር ተጠራርገው ሄዱ።
ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት፣ በሻማ፣ ላፍታ፤
የልጁ ፊት ነበር ማዶ፣ ባርማው ፋንታ።

«ልሂድ» አለ። «ቆይ» አልኩት፣ «ጠርዙ ይተረተራል፤
ጥሬ ጨርቅ ነፋስ ሲያገኘው በሁለት ቀን ይበተናል።»
«ሁለት ቀን?» አለና ሳቀ። «ሁለት ቀንን ማን ቆጥሯል!»
መርፌዬን ክር አጉርሼ፣ እያጠፍኩ ቀመቀምኩ፤
ቢጫው ክር አልቆብኝ ነበር፤ በነጭ ጀመርኩ፤
ከላይ ወደ ግራ ዞሬ፣ ግማሹ ላይ እንደ ደረስኩ፣
ከመንገድ ፉጨት ተሰማ። ጨርቁን ከእጄ ነጠቀኝ፤
ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ «ቀሪውን ነገ» አለኝ።

ነገ።

ባንዲራው በሦስተኛው ቀን በሌላ ልጅ እጅ መጣ፤
ኢሊንካ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግር ጫማ ይዛ ተቀምጣ፣
ማሰሪያውን ትፈታለች፣ ታስራለች። ቃል ካፏ አልወጣ።

የቆረጥኩት ክብ ከስፌት መኪናዬ እግር ስር ነበረ፣
ወለሉ ጠማማ ስለሆነ፣ እንዳይወዛወዝ የተወተፈ፤
ያ ሁሉ ስንዴና ነዳጅ ያኔ ሥራ ጀመረ።

አሁን የምንሰፋው ድፍን ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤
ቢጫው ላይ ስደርስ እጄ ይዘገያል፣ ምንም ሳይታይ።

ዘንድሮ ከሙዚየም መጣች አንዲት ወጣት፣ ጓንት አጥልቃ፤
ባንዲራውን ዘረጋችልኝ፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠንቅቃ።
«ግማሹ ተተርትሯል» አለች፤ «ቢጨርሱልን ምን ይመስልዎታል?»
ዓይኔ ደክሟል፤ ጣቴ ግን መንገዱን ያስታውሳል፤
ከላይ ወደ ግራ፣ በነጭ… እዚህ ጋ ክሩ ይቆማል፤
እዚህ ጋ በጥርስ ተበጥሷል።

መርፌውን መለስኩላት።
«ተይው» አልኳት። «እስከዚህ የኔ ስፌት ነው፤
ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ ነገ ብሎኝ ነው የሄደው።»