የለም

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አራዳ ምድብ ችሎት፣
ከፊቴ ሰባት ሰው፣ ከፊታቸው መስኮት።
ስምህን የጻፍኩባት ብጫቂ ወረቀት
መዳፌ ውስጥ ራሰች፣ ፊደሉ ጠፋባት።

«ስም እስከ አያት» አለች፣ ቀና እንኳን ሳትል።
«አይችሉህም ደሳለው ረታ» አልኳት በሹክሹክታ፣
ከኋላ ያለው እንዳይሰማ ያህል።
«ምንሽ ነው?» ወንድሜ። «በምን ተከሰሰ?»
እሱን ላውቅ ነው የመጣሁት፤ አንድ ቼክ ነበረ፣
ደረቅ ነው ተብሎ ከባንክ የተመለሰ።
ሽኩር ባለ ጎማው «ማዘዣ አውጥቻለሁ!» ብሎ ስልኩን ጠረቀመ፤
ያን ዕለት የዘጋኸው የጓዳው መስኮት ሦስት ዓመት ከረመ።

እሷ መዝገብ ትገልጣለች፣ ጣቷን በምራቅ እያራሰች፤
እኔ ሦስት ዓመት እገልጣለሁ፦
የበራችንን ምልክት፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቆየት ብሎ፣
ሌላ ሰው ሲያንኳኳ አልጋ ሥር መግባትህን፣ አቧራውን ችሎ፤
ያለ መስታወት፣ በድንግዝግዝ፣ በስፌት መቀስ የቆረጥከው ፀጉር፣
ጉርሻህ አፍህ ውስጥ መቅረቱ፣
ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ፊሽካ በነፋ ቁጥር፤
ቆጣሪ አንባቢው «ቤቶች!» ሲል «ብቻዬን ነኝ!» ብዬ መማሌ፣
ኪሎዋቱን እንጂ ሰው አልጠየቀኝም፣ ምነው መቀባጠሌ።

አባባ የሞተ ለት
«ጅቡቲ ነው፣ መንገድ ተዘግቶበት»
ብዬ ለለቀስተኛው የዋሸሁት እኔ ነኝ።
አንተ በአጥሩ ቀዳዳ
ያየኸው የተሸካሚዎቹን ጫማ ነው፤
ጋቢህን ነክሰህ፣ በጆሮህ ሸኘኸው።

«የለም» አለች።
«ምኑ?»
«ስሙ። ክስም የለ፣ ማዘዣም የለ፤
ከሳሽ የምትይው ደጃችንን ረግጦም አያውቅ።»
ደግማ ፈለገችልኝ፣ በአልፋው «አ»ም፣ በዓይኑ «ዐ»ም፤
«የለም እኮ፣ እህቴ። ደስ አይልሽም?»

ደስ ይለኛል አልኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።
ረዳቱ «አራት ኪሎ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፤
ከተማው ያገኘውን ሁሉ ይጠራል፤
አንተን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠራህ አልነበረም።
የሚፈለግ ሰው ተሸሸገ ይባላል፤
ያልተፈለገስ? እሱ ምን ይባላል?

ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ፣
ቃሉ እንደ ትኩስ ድንች አፌን እያቃጠለኝ።
በራችን ላይ እጄን አነሳሁ።
ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቆየት ብሎ?
ወይስ እንደ ማንም ሰው?
እጄ እዚያው ቀረ።
ከውስጥ፣ ትንፋሽህን ስትይዝ ሰማሁ።