ስፖኪዮ

ዝናብ ሲደበድብ ቆርቆሮውን ሌሊት፣
ስፖኪዮዬን ነቅሎ ሄደ የሰው ጠላት።
ጠዋት ሄርማታ ላይ፣ ሸራ ላይ ተሰጥቶ፣
አገኘሁት እሱን፣ ፊቱን ታጥቦ በርቶ።
ስንጥቁ የእኔ ነው፣ ተለጣፊው የእኔ፤
አራት መቶ ብሬን ቆጠርኩለት እኔ።
ደግሞ አመሰገንኩት! «ገለቶሚ» ብዬ፣
ደስ ብሎኝ ወጣሁኝ ሲጋራ አቀጣጥዬ።

ጭሱ ሳይወጣልኝ ሳቄ አመለጠኝ፤
አሥራ ሁለት ዓመት ይሄስ ምን ሸጠልኝ?
ቀልቤን በየሰዓቱ ከእኔ እየነቀለ፣
ግማሹን መልሶ «አረጋጋሁህ» አለ።

ናዚፍ «ለብርድህ» ብሎ ያቺን ፍሬ ሳይሰጠኝ፣
አዌቱ ድልድይ ላይ ስቀመጥ ምን ጎደለኝ?
ፍሬ ይሏታል ደግሞ! ፍሬ ቢስ ናት ፍሬ፣
ጧት ማታ ገዛኋት ከሱቅ ተበድሬ።

ሦስቴ ትቼው ነበር፣ ጥርሴን እንዲህ ነክሼ፣
እንደ ወዳጅ ቀብር ጥቁሬን ለብሼ።
አሁን ግን ማን ሞተ? ድንኳን ለምን ልጣል?
ለሌባ ገበያው ቢቀር ማን ያለቅሳል?

አሁንም ይመጣል፣ የጅሬን ዳገት ላይ፣
ደረቴን ይነካል እንደ ባለጉዳይ።
«ዕቃ አለኝ» ይለኛል፣ «ያንተው ነው፣ በርካሽ።»
አየዋለሁ በስንጥቁ መስታወት፣
ከኋላ፣ እያነሰ ሲሸሽ።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀን። ዝናቡም አልቆመ።
ስፖኪዮውን ማታ ነቅዬ ነው የምገባው፤
ሌባ መቼ ደከመ?