የሐዲዱ ጫፍ

ኪዩሹ እዚህ ያልቃል፣ ሐዲዱም፤ ከዚያ ባሕር።
አንዲት ፉርጎ መጥታ ትንፋሿን ስትቆጥር
ሾፌሩ ይወርዳል፣ ቦርሳውን አንግቶ፣
ጅራቷን ራስ ሊያደርግ በሌላው በር ገብቶ።

በየጣሪያው ጢስ ነው፤ ቤት ግን አልነደደ፤
ዓሣ ነው፣ ወር ሙሉ ከጢስ የተዛመደ፤
ብትመታው ሳንቃ ነው፣ ብትልገው ወረቀት፤
ጣትህ ይታይሃል ስትይዘው ለመብራት።

ኢሶጂ፣ ጸሐፊው የማዘጋጃ ቤት፣
ሥራው ነው የጣቢያን ሰሌዳ ማጽዳት፤
ከላይ ተጽፏል፦ «እንኳን ደህና መጡ»፤
ከሥሩ የሕዝቡ ቁጥሮች ሲለወጡ
በየወሩ መጥቶ፣ ጨርቁን አርሶ አርሶ፣
ይጽፋል በጠመኔ፣ ሁልጊዜ ቀንሶ።

ዛሬ ግን ቆም አለ፣ ጠመኔውን ይዞ፣
ክንዱ አልታዘዝ ብሎ፣ ትከሻው ደንዝዞ።
ከሚቀነሱት ውስጥ አንዷ ቶሜኮ ናት፣
ዓሣ ስትልግ ኖራ ጣቷ የሳሳባት፣
አባቱ ከባሕር የዘገየ ማታ
ጫፉን ልጋ ልጋ ያጎረሰችው በዝምታ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የድምፅ ማጉያው ዜማ
«ልጆች፣ ግቡ» ይላል፤ ልጅ የለም የሚሰማ።
ፉርጎዋ ተነሣች፣ ባዶዋን፣ ወደ ኋላ፤
ኢሶጂ ጻፈና፣ አልደፈረም ሌላ፣
የድሮውን ቁጥር። ነገ ያርመው ይሆናል።
ዛሬ ግን ከተማው ሙሉ ነው። ጢስ ይሸታል።